የሌላ አገር ጥላ

ኅዳር 19፣ ሐዋሳ

ዛሬ ቀለል ብሎኛል። ታቦር ሰፈር ከምነድፈው ፎቅ አጠገብ የሚኖሩት ጎረቤት፣ አቶ ደስታ፣ ፎቁ እንዲሠራ በመጨረሻ ተስማሙ።

ባለፈው ሳምንት በኮምፒውተር ከሠራሁት የፎቁ ሞዴል ያወጣሁትን ሥዕል አሳየኋቸው። መስመሩ ጥርት ያለ፣ ጥላው ለስላሳ ግራጫ። እኔ በውበቱ ስኮራ እሳቸው ጣታቸውን ጥላው ላይ አሳረፉ። ግቢያቸውን ሞልቶታል።

«ልጄ፣ ባለቤቴ በርበሬዋን የት ታስጣ?»

ፎቁን የሚያሠራው ሰው ጎረቤት ቅር እያለው መሠረት አላስቆፍርም ብሎ ሥራውን አቆመው። ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ዛሬ ጠዋት ሞዴሉን እንደገና ከፈትኩት። ፕሮግራሙ ፀሐይዋን የሚያሰላው ለሐዋሳ አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲጫን አብሮት ለመጣ የአውሮፓ ከተማ ነበር፤ እዚያ በዚህ ወር ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ስለማትርቅ ጥላ ይረዝማል። ሐዋሳን ስመርጥ ጥላው ወደ አጥሩ ተሰበሰበ።

አዲሱን ሥዕል ይዤላቸው ሄድኩ። ከድሮው ጋር አስተያዩት።

«ያኛው የማን አገር ጥላ ነበር?»

ነገርኳቸው።

«ታዲያ እነሱ በርበሬ የት ያሰጣሉ?» ብለው ሳቁ። «ሰውዬውን ይሥራ በለው።»

እፎይ አልኩ። ግን እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ ልብ አልለውም ነበር። ጥላው ለስላሳ ስለነበር ብቻ እውነት መስሎኝ ነበር።