የእማማ ቶኪኤ ስም እስኪመጣ

ቺሃያዬ፣

ያ ስንት ወር ስናወራለት የከረምነው የፍቅር ኮሜዲ አንድም ሰው አላሳቀም። ያየሁት በተቀረጸበት በዚህ ወደብ፣ ካረፍኩበት ቤት ባለቤት ከእማማ ቶኪኤ ጋር ነው። ለአንዲት ትዕይንት ዓሣ ሻጭ ሆነው ሦስት ቀን ዝናብ መቷቸዋል፤ ትዕይንቷን ግን ቆርጠው ጥለዋታል። አንጀቴን በሉት።

ፊልሙ እንዳለቀ «እንሂድ እማማ» ስላቸው፣ «አርፈሽ ተቀመጪ! የሠሩት ሰዎች ስም ሳያልቅ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ።

እኛ ናጎያ ስሙ እስኪያልቅ የምንቀመጠው ለወጉ ነው፤ እዚህ ግን ሰዉ ያነባል። መጨረሻ ላይ ስማቸው ብልጭ ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ፤ እሳቸውም ተነስተው ለስክሪኑ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ፊልሙን እንደምንም ታግሰሽ እዪውና፣ ስማቸው ጋ ስትደርሺ አጨብጭቢላቸው።

ሪትሱኮ