የመጨረሻዋ ሳትገባ ከሜዳ ያልወጡት አሰልጣኝ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ በጥር ወር 1948 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በስተጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በኋላ የተወለድኩት ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ብቻ ነኝ። ያገለገሉበት ኮሌጅ በላከልን የሐዘን መግለጫ ላይ እህቴ «ረዳት አሰልጣኝ» ተብለዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ከፊቱ ምንም ሳይጨመርበት «አሰልጣኝ» ይባላሉ። ቅር የሚለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ፤ ምክንያቱን እነግረዋለሁ።

አሰልጣኝ በልጅነታቸው የአባታችንን ሜትር ከኪሳቸው እየወሰዱ መንገድ ይለኩ ነበር። ከእንጨት ሥራ ቤቱ በር እስከ ሰፈሩ የውኃ ቧንቧ ድረስ ዘጠና አራት ሜትር መሆኑን ያወቁት በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መቶ እንዲሞላ ብለው ስድስት ሜትር ጨመሩና የጎረቤት አጥር ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ። አባታችን ጎረቤቱን ይቅርታ ጠይቀው አጥሩን ሲቀቡ ዋሉ። ያንን መቶ ሜትር የሚሮጥ ሰው ሲፈለግ የተገኘሁት እኔ ነኝ፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ አሰልጣኝ ያሰለጠኗት የመጀመሪያዋ ሯጭ እኔ ነኝ፤ በሕይወታቸው ተስፋ የቆረጡባት ብቸኛዋ ሯጭም እኔው ነኝ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራችን ካጠናቀቁ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። በማሠልጠኛው የሴቶች የሩጫ ቡድን አልነበረም። ከወንዶቹ ጋር እንዲለማመዱ ሲፈቀድላቸው ከኋላ ከኋላ እንዲሮጡ ተነገራቸው። ከኋላ መሆኑ ግን አልሆነላቸውም፤ በሦስተኛው ሳምንት ፈቃዱ ተነሣ። በ1969 ዓ.ም. በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው ለሰባት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ።

በ1974 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ሚስታቸውን አንድም ቀን ቀድመዋቸው እንደማያውቁ፣ በሠርጋቸው ቀን እንኳ ሙሽሪት ቀድመው ደርሰው በር ላይ ሰዓት ይዘው እንደጠበቋቸው ሰው ባገኙ ቁጥር ይናገሩ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. ኮሌጁ የሴቶች የሩጫ ቡድን እንዲያቋቁሙ ቀጠራቸው። ቡድን ማለት አራት ልጃገረዶች፣ መልበሻ ክፍል ማለት መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ ማልያ ማለት ደግሞ ወንዶቹ ለብሰው የጣሉት ነበር። ማልያውን እናታችን በስፌት መኪናቸው አጠበቡት፤ ቁጥሩን ባለቤታቸው ከሥራ ሰዓት ውጪ አተሙላቸው። በቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ ግን «የሴቶች ሩጫ ረዳት አሰልጣኝ» ተብሎ ተጻፈ። የማን ረዳት? ዋና የሚባል ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ሜዳ የሚገኙት እሳቸው፣ የተሸማቀቀ ባት የሚያሹት እሳቸው፣ የታመመችውን ሐኪም ቤት የሚወስዱት እሳቸው፣ ልጄ ሮጣ ምን ልታገኝ ነው የሚልን አባት ቤቱ ድረስ ሄደው የሚያሳምኑት እሳቸው። ቆይቶ የወንዶቹ አሰልጣኝ «የሁለቱም ቡድን ዋና» ተብለው ተሾሙ። በቆዩበት ዘመን ሁሉ የሴቶቹን ልምምድ ሁለት ጊዜ መጥተው አይተዋል፤ አንዱን ዝናብ ሊጠለሉ ነው።

አገር አቋራጭን ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ፤ አለዚያ የእህቴ ሕይወት አይገባችሁም። ከአንድ ኮሌጅ ሰባት ሯጮች ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። አንደኛዋ ብትበርም አምስተኛዋ ካልደረሰች ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው። «አንደኛዋን ፈጣሪ ነው የሚሰጠኝ፤ አምስተኛዋን ግን እኔ ነኝ የምሠራት» ይሉ ነበር አሰልጣኝ። ሌሎች አሰልጣኞች የሰዓት መመዝገቢያቸውን ከአንደኛዋ ሲጀምሩ እሳቸው ገጹን ከታች ወደ ላይ ይሞሉት ነበር። አንድ የማይሻር ሕግም ነበራቸው፤ የመጨረሻዋ ሳትገባ ማንም ከሜዳ አይወጣም። ቀድማ የገባች ልጅ ውኃዋን ጠጥታ፣ የመጨረሻዋን ልትቀበል በሶምሶማ ትመለሳለች። ቢዘንብ፣ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ቢነፋ፣ አሰልጣኝ ንቅንቅ አይሉም።

በ1989 ዓ.ም. የኮሌጆች ሻምፒዮና ላይ አምስተኛ ሆና የተሰለፈችው የመካኒክ ልጅ፣ ጓደኞቿ በቁመቷ ምክንያት «ጉርድ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግራ ጫማዋን ጭቃ ነጠቃት። ጉርድ ወደ ኋላ እንኳ ሳትዞር የቀረውን በካልሲዋ ሮጠች፤ የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ሦስት ልጆች አለፈች። ኮሌጁ በሁለት ነጥብ ልዩነት የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አሰልጣኝ ግን ወደ ኋላ ያዩ ነበር። ከሌላ ኮሌጅ የመጣች አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ጫካው ውስጥ ታነክሳለች። ሄደው በብብቷ ገብተው ደገፏት፤ የመጨረሻውን አምስት መቶ ሜትር አብረዋት ተራመዱ። ሲደርሱ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ ፎቶው ተነሥቶ፣ ወንበሩ ሁሉ ተጭኖ ነበር።

ያ ፎቶ ዛሬም በኮሌጁ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ዋንጫውን የያዙት የወንዶቹ አሰልጣኝ ናቸው፤ ከሥር ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። እባካችሁ አንድ ቀን ጎራ ብላችሁ ጫማቸውን እዩት። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ የእሳቸው ጫማ መስታወት ይመስላል። የደረሱት ለሽልማቱ ነዋ! ይህ የእህቴ ልፋት ነው፤ የተነጠቀውም በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ በንዴት ጦፌ ኮሌጁ ድረስ ልሄድ ስነሣ አሰልጣኝ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም። «ልጅቷ ግን ገባች እኮ» አሉኝ። ትዕግሥታቸውን አከብራለሁ፤ ዝምታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

ፈጽመው ዝም አሉ ማለቴም አይደለም። የሥራ ማዕረጋቸው እንዲስተካከል በ1990፣ በ1994፣ በ1999 እና በ2005 ዓ.ም. ማመልከቻ አስገብተዋል። የመጀመሪያው ጠፋ ተባለ። ሁለተኛው ይታያል ተባለ። ሦስተኛውን የተቀበለው ጸሐፊ ተዛወረ። ለአራተኛው «በመዋቅሩ ውስጥ የሴቶች ዋና አሰልጣኝ የሚል የሥራ መደብ የለም» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው ሲደርሳቸው የሴቶቹ ቡድን ያመጣቸው ዘጠኝ ዋንጫዎች ከጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ ነበሩ። መደቡ የለም፤ ዋንጫው ግን አለ!

ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ባደረባቸው የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለዩ። አሰልጣኝ በሳምንቱ ሜዳ ተመለሱ። በ2008 ዓ.ም. ከሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ በጡረታ ሲሰናበቱ «ረዳት አሰልጣኝ» የሚል ምስክር ወረቀት በመስታወት ፍሬም ተሰጣቸው። ፍሬሙን ወደዱት። ወረቀቱን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ጉርድ በአንድ ጫማ ስትገባ የተነሣችውን ፎቶ በቦታው አደረጉ። ሳሎናቸው የገባ ሁሉ አይቶታል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ሲውሉ የሩጫ ሰዓታቸው ከአንገታቸው አይለይም ነበር፤ ማሽኑ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ለክፍሉ ነርስ ይነገራታል። የእሳቸው ቢያልቅም በክፍሉ ያለችው የመጨረሻዋ ታካሚ ሳትጨርስ ከአልጋው አይነሡም። ልጃቸው ደጋግማ ብትለምናቸውም እንቢ ብለዋል። በዚህ ሁኔታ ሲታከሙ ቆይተው በኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። አሰልጣኝ የአንድ ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት፣ የእኔም ታላቅ እህት ነበሩ። በደብተራቸው ቆጥሬ እንዳገኘሁት አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ሯጮችን አሰልጥነዋል፤ ዛሬ ብዙዎቹ በመካከላችን ቆመዋል።

ከትናንት በስቲያ ከኮሌጁ አንድ ሰው ቤታችን መጥተው ነበር። ስለ ፎቶውና ስለ ማመልከቻዎቹ የሚናገረው ክፍል «ለዕለቱ አይመጥንም» ተብሎ እንዲወጣ በትሕትና ጠየቁኝ። ዲኑ አበባ ሊያስቀምጡ እንደሚመጡ፣ ነገር ግን ስብሰባ ስላለባቸው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀብሩ እንዲፈጸምም አሳሰቡ። ክፍሉ አልወጣም፤ ስታነቡት ነበር። ስለ ሰዓቱም መልሴ ይኸው።

ጉርድ አሁን በሩቅ ከተማ የትምህርት ቤት መምህርት ናት። ይህ ጽሑፍ የአሰልጣኝ ባለቤት ወደሠሩበት ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ደውላልን ነበር። ያገኘችው አውቶቡስ የሚደርሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። እያለቀሰች «እኔን አትጠብቁ፣ ቅበሩ» አለችን። አሰልጣኝ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሏት እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። የቸኮለ ሰው ካለ አበባውን አስቀምጦ መሄድ ይችላል፤ አንቀየመውም። ዛሬ የምትመጣው አምስተኛዋም የመጨረሻዋም እሷው ናት።

እህቴን ለዚህ ሁሉ ዘመን የሰጠን ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የአሰልጣኝ ሯጮች ግን ወደ መንገዱ ዳር ውጡና አውቶቡሱን ተቀበሉልን። እስክትገባ ድረስ አፈር አይመለስም።