ሀኒ የመታችው በረዶ

ኮሎምበስ፣ የካቲት 2014

ሰብልዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የወንድሜ ልጅ ሀኒ ዐሥር ዓመት ከአንድ ወንድ ጋር ተጣምራ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተች ስትወዳደር ኖራለች። አንድ ቀን ሽቅብ አንሥቷት ሳለ ጣላትና ትከሻዋ ተሰበረ። ወንድ ምን ቸገረው፣ ሌላ አጣማሪ አገኘ፤ እሷ የልጆች አሠልጣኝ ሆና ቀረች። እኔም «ዕድሜሽን በከንቱ ጨረስሽው» እያልኩ ሳደርቃት ሰነበትኩ።

ዛሬ ስታሠለጥን ላያት ሄጄ ሳለ አንዲት ትንሽ ተማሪዋ አጣማሪዋ ሲያነሣት ወደቀች። «ኖ! ኖ!» እያለች ዳግም እንዲያነሣት እምቢ አለች። ሀኒ ተንበርክካ በረዶውን በጥፊ ትለው ጀመር።

«አንተ ምን አባክ! ለምን ትጥላታለህ?»

በአማርኛ! ልክ እኛ ልጅ ሲወድቅብን መሬቱን እንደምንመታው። ፈረንጇ ልጅ እየሳቀች አብራት መታች፤ ከዚያ ተነሥታ እጇን ለአጣማሪዋ ሰጠች።

«አንቺ ስትወድቂስ ማን መታልሽ?» አልኳት ሀኒን።

«ኖባዲ፣ እትዬ።»

ጓንቴን አውልቄ፣ ከዳር ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በረዶውን ሁለቴ አጮልኩት። ሀኒ ፊቷን አዞረች።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ጋሼ ጣሰውን ሰላም በይልኝ። ፊደሌ የተንጋደደው እጄ ገና ስላልሞቀ ነው፤ እንዳትስቂብኝ።