የአገጭ ማሰሪያ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

በአሥራ ሁለት ተኩል ተነሣሁ። ጸሎት፣ ሻይ፣ ሁለት ደረቅ ብስኩት። ከዚያ በረንዳ።

ከሦስተኛ ፎቅ የሞተረኞቹ ስቴጅ፣ መቆሚያቸው፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አሥራ አንድ የታክሲ ሞተር፣ ቦዳቦዳ፣ ተደርድሮ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሄልሜት ያላቸው ዘጠኝ። ራሳቸው ላይ ያደረጉት ሦስት። የቀሩት ስድስቱ ክርናቸው ላይ አንጠልጥለውታል… ትራፊክ ሲያዩ ሊደፉት። ከሰፈራችን ከኢምባካሲ ሞተረኛ አካል በደንብ የሚጠበቀው ክርኑ ነው።

ማርክ መስጠቴን አልተውኩም። አሥመራ ሃያ ሁለት ዓመት ባልትና አስተምሬ እንዴት ልተው? ሄልሜት አምስት፣ የአገጩ ማሰሪያ ሁለት፣ ጃኬት አንድ፣ ጓንት አንድ፣ ሽፍን ጫማ አንድ። ድምር አሥር። ዛሬ ከፍተኛው ሰባት። እሱም ሊቀመንበራቸው አብዱልፈታ። የሞያሌ ልጅ ስለሆነ በአማርኛ እናወራለን።

ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጠራኝ።

«እማማ ሃረጉ፣ ዛሬስ ስንት አመጣሁ?»

«ሰባት። በነጠላ ጫማ ነው የምትነዳው።»

«እግሬ ይተንፍስ እንጂ!»

«አስፋልት ላይ ሲጎተት ይተነፍስልሃል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሕድሪ ሥራ አገኘች! የልጄ የክፍለማርያም ልጅ። አባቷ ጁባ ነው የሚሠራው፤ እሷ እኔ ጋ ነው ያደገችው። ሃያ ሦስት ዓመቷ። ዲፕሎማዋን ይዛ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ደስ አለኝ… ጨርሳ እስክትነግረኝ ድረስ።

«ዓባየይ፣ ፋርማሲ ነው።» ዓባየይ ትለኛለች፣ «አያቴ» ማለቷ ነው። ከአያቶቿ ቋንቋ የቀራት አንድ ቃል እሱ ነው።

«ከባንኮኒው ጀርባ?»

«ኖ… ዴሊቨሪ። መድኃኒት ከመጋዘን ወደ ላቪንግተን ሰፈር፣ በሽተኛው ቤት ድረስ።»

«በምን?»

ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች።

«በምን አልኩሽ?»

«በፒኪፒኪ።»

በሞተር! በስዋሂሊ ስትለው አደጋው የሚቀንስ መስሏታል።

መንጃ ፈቃዱን ደብቃኝ አውጥታለች። በመጀመሪያው ፈተና አልፋለች። እየተቆጣሁ ሳለ ይህን ስሰማ ኮራሁ… ለምን?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አላነጋገርኳትም። እሷም አላነጋገረችኝም። ግትርነቱን ከማን እንደወሰደች አውቃለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስመለስ ቅድመ ሁኔታዬን በወረቀት ጻፍኩ። አምስት ነጥብ፤ ከሄልሜት እስከ ጫማ። «ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ከበሩ አትወጪም» የሚል ከሥሩ። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እና ከሞሉ… እወጣለሁ?»

«ትወጫለሽ።»

አቀፈችኝ። የያዝኩት ብስኩት ከእጄ ወደቀ። ከዚያ «ጃኬት ግን የለኝም» አለች።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። የተስፋልደት የቆዳ ካፖርት። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የምጽዋን ቁልቁለት ሃያ ዓመት በዚህ ካፖርት ወርዷል፣ ወጥቷል። ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት። በየዓመቱ ዘይት እየቀባሁ አስቀምጬዋለሁ። ለማን?

መቀሱን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። እንደገና አነሣሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጃኬቱ አለቀ። አራት መርፌ ሰበርኩ። ክርኑና ትከሻው ላይ ወፍራም ስፖንጅ በድርብ ስፌት አስገባሁ። ጀርባው ላይ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ። አንዱ ትከሻ ሁለት ሚሊ ሜትር ተዛብቶብኝ ፈትቼ ደገምኩት። ማንም አያየውም ነበር። እኔ አየሁት።

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቆዳ እሰፋለሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀኗ። በሩ ላይ አቆምኳት። ጫማ። ጓንት። ጃኬት። ሄልሜት። በማሰሪያውና በአገጯ መሐል ጣቶቼን አስገባሁ። ሁለት ጣት ብቻ መግባት አለበት። ሦስት ከገባ ላልቷል።

«አሥር ከአሥር። ሂጂ።»

ከበረንዳ አየኋት። ስቴጁ ጋ ስትደርስ ፉጨት፣ ሁካታ። «ሮቦኮፕ!» አላት አንዱ። ሌላው «ሲስተር፣ ጦርነቱ የት ነው?» አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች። የጠቋሚ መብራቷን አብርታ ነው የታጠፈችው። ከአሥራ አንዱ ወንዶች ጠቋሚ የሚያበራ የለም!

ተስፋልደት… ጀርባህ ሲሄድ አየሁት።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሐሊና ያዘችኝ። አሥመራ አብረን ያስተማርን፣ እዚህም ሠላሳ ዓመት የማትለየኝ። የልጇ ሰርግ ኅዳር 7 ነው።

«ሃረጉ፣ ያቺ ልጅ ሞተር ትነዳለች የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እና አንቺ… አንቺ ፈቀድሽ?»

«መርምሬ ፈቀድኩ።»

«ይሁን። ለሰርጉ ግን እንደ ሴት ልጅ ትምጣ እንግዲህ።»

እንደ ሴት ልጅ! ሌላ እንደ ምን መጥታ ታውቃለች? መንገዱን ሙሉ ተብሰለሰልኩ። ቆይ… ሰርጉ ላይ ከሁሉም አምራ ባትታይ!

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሕድሪን ሹሩባ አሠራኋት። አልባሶ፣ አንዱ መስመር ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ከላይ ጉብ ብሎ የሚቆመው፤ በደንቡ። ሠሪዋን ቤት አስመጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስመሩ ስለተጣመመ ሁለት ጊዜ አስፈታሁ። አምስት ሰዓት ፈጀ።

ሕድሪ «ቀለል ያለ ይበቃ ነበር እኮ» ብላ ነበር። «ነገ ሥራ አለኝ፣ እሑድ ጠዋት ብሠራስ?» ብላም ነበር። «እሑድ ጠዋት ማን ይሠራሻል? እስከ እሑድ እንዳታበላሺው» አልኳት።

እንዴት አምሮባታል! ሐሊና ትይ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። አብዱልፈታ። ፎቁን ወጥቶ አያውቅም። የሕድሪን ሄልሜት ይዟል።

ሄልሜቱን ብቻ።

«ደህና ናት እማማ። ወላሂ ደህና ናት። ክሊኒክ አድርሻት ነው የመጣሁት…»

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። 

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። እንደ ሆነው።

ሲያካፋ ነበር። ከፊቷ ማታቱ፣ የታክሲ ሚኒባስ፣ ሰው ሊጭን በድንገት ቆመ። ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ተንሸራተተ። በግራ ጎኗ ወደቀች። የጃኬቱ ክንድ ከክርን እስከ አንጓ ተልጦ ስፖንጁ ወጥቷል። ሥሯ ያለው ክንድ… አንድ ጭረት የለውም። አንጓዋ ብቻ ወለም ብሏል። ጓንቱ መዳፉ ላይ አልቋል። መዳፏ ደህና ነው።

ሄልሜቱ ግን ገና ስትወድቅ ከራሷ ወለቀ። ተንከባሎ ማታቱ ሥር ገባ። ራሷ ያረፈው ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው፤ ከኋላዋ ይነዳ የነበረው አብዱልፈታ በእጁ ለክቶ አሳየኝ። ስንዝር። የሱ ስንዝር ደግሞ አጭር ነው።

እንዴት ይወልቃል? ሁለት ጣት እኮ… ከዚያ ትዝ አለኝ። ትናንት በሩ ላይ አልመረመርኳትም። ለሐሊና ልጅ የምሰጠውን የጠረጴዛ ልብስ ስተኩስ ነበር። «ሄድኩ ዓባየይ!» አለች፤ «እሺ» አልኩ።

ጠየቅኋት። አልጋዋ ላይ ናት፣ አንጓዋ ታስሯል።

«ማሰሪያውን ለምን አላሰርሽም?»

«አልደረሰልኝም።»

«እንዴት አይደርስም?»

«ሄልሜቱ አልገባም አለኝ ዓባየይ። ሹሩባው ላይ ቁጭ አለ… እንደ ኮፍያ። ማሰሪያው አጠረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልፈታሽውም? ለምን አልቀረሽም?»

ጣራውን አየች።

«እስከ እሑድ እንዳታበላሺው ብለሽኝ ነበር።»

ከማታቱ ይልቅ እኔን ፈርታ ወጥታለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ስቀጣ «አላወቅሁም» የሚለውን ተቀብዬ አላውቅም። አሁን ለራሴ ልቀበል? ሄልሜት አድርጊ ያልኳት እኔ። ሄልሜቱ የማይገባበትን ራስ የሠራሁትም እኔ። ሄልሜቱም ማሰሪያውም አልተቆጠሩም፤ ሕድሪ ሦስት ላይ ቀርታለች። ሃረጉ፦ ዜሮ። በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንበር አምጥቼ ከጀርባዋ ተቀመጥኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝም በይ።»

ሹሩባውን በእጄ ፈታሁት። መስመር በመስመር።

«ሰርጉስ? ነገ ነው እኮ! እትዬ ሐሊና ምን ትላለች?»

«የምትለውን ትበል።»

በምትኩ ራሷ ላይ የሚለጠፍ፣ ጠፍጣፋ፣ ስድስት ቀጭን መስመር ሠራሁላት። ጫፉ ማጅራቷ ላይ። ጣቶቼ አርጅተዋል፤ ስድስተኛው መስመር ትንሽ ጠመመ። ልፈታው እጄን አነሣሁና… ተውኩት።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ሰርጉ ደመቀ። ሕድሪ በታሰረ አንጓና በስድስት መስመር ሹሩባ ገባች። ሐሊና እንደፈራሁት መጣች።

«ምነው ሃረጉ፣ የልጅቷን ጸጉር ማን እንዲህ አደረገው?»

«እኔ።»

«አንቺ? ጠሟል እኮ!»

«አዎ ጠሟል። ሄልሜት ይገባበታል።»

 ሕድሪ ከኋላዬ ሳቋን አፈነች። ከዚያ በአንድ እጇ ስትጨፍር አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበላት። ከሙሽራዋ ቀጥሎ እሷን ነው ያዩት። ይህን የምለው አያቷ ስለሆንኩ ነው? አይደለም። ቆጥሬያለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የተላጠውን ክንድ በአዲስ ቆዳ ጠገንኩ። ካፖርቱ ሲቆረጥ የተረፈ ነበረኝ። ቁራጭ ጥዬ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አዲስ ሄልሜት ገዛን። ሱቁ ውስጥ ሰባት አስለካኋት። ሻጩ ሰለቸው። ይሰልቸው።

አሮጌውን ይዤ ስቴጁ ጋ ወረድኩ። አብዱልፈታ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ እሱን ለኛ ይተዉልን። ቀለም ብንቀባው ለተሳፋሪ ይሆናል።»

«ና እይ።» ገለበጥኩለት። ከጎኑ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ፣ ከውስጥ ነጩ አረፋ ለሁለት ተከፍሏል። «አንዴ ከተመታ አልቋል። ያንተን እናት በዚህ ታሳፍራለህ?»

የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። 

የስፌት መቀሴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የካፖርቱን ቆዳ የቆረጥኩበት። ማሰሪያውን ከሁለቱም በኩል ቆረጥኩት፣ ማንም እንዳይቀባው፣ ማንም እንዳይሸጠው። እኔ… አሮጌ የልብስ ቁልፍ እንኳ የማልጥል ሴትዮ።

አሥራ አንዱም ተሰብስበው አዩኝ። ከዚያ «ሮቦኮፕ» ብሎ የጮኸው ልጅ ከክርኑ ላይ ሄልሜቱን አወረደ። ደፋው። አገጩን ወደኔ አቀና።

«ሾሾ፣ ቼክ።» አያቴ፣ መርምሪኝ ማለቱ ነው።

ሦስት ጣት ገባ። አጠበቅሁለት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሕድሪ ሥራ ተመለሰች። አሥር ከአሥር። ስቴጁ ላይ ሄልሜት ራሳቸው ላይ ያደረጉ፦ ስምንት። ክርን ላይ፦ አንድ። አብዱልፈታ ሽፍን ጫማ አድርጓል። እንደማላየው ሆኖ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ተቀምጧል።

ኅዳር 21፣ እሁድ፣ ጽዮን ማርያም

በዓል ነው። ታክሲ ጠፋ። ሕድሪ የመድኃኒቱን ሳጥን ከሞተሯ ላይ ፈትታ አወረደች።

«ነይ ዓባየይ።»

«እኔ? ሞተር ላይ?»

«ከፈራሽ…»

«ማን ፈራ?»

ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። የራሴ ካፖርት፣ የበዓል ጓንቴ፣ ሽፍን ጫማ። ከአብዱልፈታ የተዋስነውን የተሳፋሪ ሄልሜት ደፋሁ፤ ማሰሪያውን ራሴ አሰርኩ። ሞተሩ ላይ ልወጣ ስል እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ። ጣቶቿን አገጬ ሥር አስገባች። እንደኔ። ልክ እንደኔ፣ ቅንድቧን ሰብስባ።

«ሦስት ገባ።»

«ሁለት ነው።»

«ሦስት ነው ዓባየይ። ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሦስት ነው።

ፈታችው። ከመጀመሪያ አሰረችው። ስቴጁ በሙሉ ቆሞ ያየናል፤ አብዱልፈታ «እማማ ስንት አመጡ?» ብሎ ጮኸ።

«ስምንት!» አለች ሕድሪ። ሞተሩን አስነሣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ከጫማዬ ጎን ሄልሜቴን አስቀመጥኩ። ሐሊና አየችው። ጫማዋን ከጎኑ አወለቀች።

ስምንት ከአሥር። ለማሰሪያው ሁለት ቀነሰችብኝ። ልክ ናት። እኔም ያን ያህል ነበር የምቀንስ።