አቶ ሰጠው ረዳ፦ ለቅሶን በቀመር ያስገቡት ሰው

አጎታችን አቶ ሰጠው ረዳ ከአባታቸው ከአቶ ረዳ መንግስቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሻል እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር፣ ወገራ ተወለዱ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጃቸው ጉጠት ሲያቀብሉ እንኳ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ስለነበር፣ ተስፋ ቆርጠው ትምህርት ቤት እንዳስገቧቸው እህታቸው ወይዘሮ ሙሉሽ ይናገራሉ።

በአምባ ጊዮርጊስና በጎንደር ከተማ ተምረው፣ በ1970 በአዲስ አበባ በሒሳብ ትምህርት ተመረቁ። ከዚያም ለረጅም ዓመታት በወባ መከላከል ሥራ አገለገሉ። ሥራቸው ዝናቡን፣ የሰዉን ብዛትና የታማሚውን ቁጥር በቀመር አገናኝቶ በሽታው የት እንደሚያይል አስቀድሞ መገመት ነበር። አንድ ታማሚ በአማካይ ከአንድ ሰው በታች ካስያዘ ወረርሽኙ ይከስማል፣ ከዚያ ካለፈ ይስፋፋል፤ ይህንን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር ያስረዱ ነበር።

በ1976 ከወይዘሮ ብዙወርቅ ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም፤ ይህም ሐዘናቸው ነበር። ቢሆንም የጎረቤት ልጅ ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም።

በሜይ 1991 ከባለቤታቸውና ከኢትዮጵያ አይሁድ ወገናችን ጋር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጥተው ቂርያት ጋት ከተማ ገቡ። ዕብራይስጡ እምቢ ስላላቸው በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1992 መጨረሻ በወገናችን ልጆች ላይ ኩፍኝ ሲነሳ፣ ለክትባት የመጡት ዶክተር ኦሪት የቀድሞ ሥራቸውን ሰምተው የወረርሽኙን አካሄድ አብረዋቸው እንዲያሰሉ ጋበዟቸው። አጎታችን ያን ሰሞን እንደ ሙሽራ ተላጭተው ነበር የሚወጡት።

ቀመሩ ቤትን፣ ትምህርት ቤትንና የሥራ ቦታን የያዘ ነበር። በሽታው ግን ባልተጠበቀበት ከተማ ሁሉ ብቅ ይል ጀመር። አቶ ሰጠውም ዶክተሯም ግራ ተጋቡ። ነገሩ ግን አፍንጫቸው ሥር ነበር። ሰው ሲሞትብን ከየከተማው አውቶቡስ ተከራይተን፣ ሕፃናቱን ታቅፈን እንመጣለን፤ በአንድ ሳሎን ታጭቀን እንውላለን። እሳቸውም በዚያው አውቶቡስ ይሄዱ ነበር። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው፤ በሽታ መለዋወጫ ይሆናል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማን ነበር? ኋላ አቶ ሰጠው ይህን ልብ ብለው ለቅሶን ሲጨምሩበት ቀመሩ በየከተማው ከታየው ጋር ገጠመ። ክትባቱ እስኪዳረስ ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ካልቆመ፣ ኩፍኙ ለክትባት ያልደረሱትን ጨቅላዎች እንደሚያገኝ አሳየ። ሁለቱም ሄደው የወገናችንን ሽማግሌዎች ለመኑ። ሽማግሌዎቹም ወገን ሞቶ ቤት አይዘጋም ብለው መለሷቸው።

በፌብሩዋሪ 1993 ወይዘሮ ብዙወርቅ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። በቀብሩ ላይ አቶ ሰጠው ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ወገኖቼ፣ እዚሁ ሜዳው ላይ አልቅሱላት። ቤት ግን አትምጡብኝ፤ ለልጆቻችሁ እፈራለሁ» አሉ። ሰዉ ተቀየመ። ሚስቱን ሳያስለቅስላት ቀበረ ተባለ። ጎረቤት አስቀድሞ ባመጣው ወንበር መካከል የሐዘኑን ሰባት ቀን ብቻቸውን ተቀመጡ። ወይዘሮ ሙሉሽ እንኳ በገዛ ቤታቸው ሕፃን ስለነበር ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። አቶ ሰጠው ሲያለቅሱ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር፤ ማንም አላንኳኳም።

ከእሳቸው በኋላ ሐዘን የደረሰባቸው ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲሁ አደረጉ። ኩፍኙ ከፋሲካ በፊት ከሰመ። በክትባቱ ይሁን በዚያ ውሳኔ፣ አቶ ሰጠው ራሳቸው እርግጠኛ አልነበሩም፤ ቀመር ያልታመመውን ልጅ በስም አይነግረኝም ይሉ ነበር። ቅያሜው ግን አልበረደም። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው ነበር፣ ደጃቸውን የሚረግጥ ግን ጠፋ። እሳቸው ከማንም ለቅሶ አልቀሩም፤ በሩ አጠገብ ጥቂት ተቀምጠው ብቻቸውን ይመለሱ ነበር። ይህ እኛን ዘመዶቻቸውን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

በዚህ ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ እሑድ ኖቬምበር 13 ቀን 1994 በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። በመጨረሻ ቀናቸው ሞትን የፈሩ አይመስሉም ነበር። እህታቸውን የጠየቁት፣ ያውም ደጋግመው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሙሉሽ፣ ሰው ይመጣ ይሆን?»

አቶ ሰጠው እህታቸውን ወይዘሮ ሙሉሽ ረዳንና የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። የተቀየማችሁም ያልተቀየማችሁም፣ ዛሬ ኩፍኝ የለም፤ በሩ ክፍት ነው። ወይዘሮ ሙሉሽ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑልኝ ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሰው በሞላበት ቤት ያሳርፍልን።