የጨፌው ችካል

ኅዳር 6፣ ጠዋት
በጎቹን አውጥቼ፣ ገብሱን አይቼ ተመለስኩ። ደብተሬ ሆይ፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፍ። ከጓሳ ተራራ ሥር ያለውን ጨፌ፣ ጥቁር አፈሩን ቆፍሮ ለሚሸጠው ድርጅት የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ጉባኤ ሳልጠራ። ሣሩ ለግጦሽና ለአጨዳ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በጉባኤ ነው፤ ጠባቂ አድርገው የመረጡኝም ለዚሁ። ኢንጅነራቸው ያን ቀን በጠና የታመመች ባለቤቴን በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰልኝ። ወረቀቱን እዚያው ጉልበቴ ላይ ፈረምኩ። እሷም አልተረፈች። ሰው የሚጠረጥረው ጎረቤቴን ጌጡን ነው። ከማኅበር አግልለውታል። እኔ ዝም።

ኅዳር 9
ድርጅቱ ጨፌውን ለማድረቅ ቦዩን ከቆፈረ ሁለተኛ ዓመቱ። አንዲት ልጅ መጥታለች፣ ሰብለ ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ነኝ ትላለች። ጨፌው ላይ ባልዲ ደፍታ በቀጭን ቱቦ አየር ትስባለች። አየር። የድርጅቱ ሰላይ ትሆን? አስታው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ። “አባባ፣ እዚያ ሆነው ከሚጠብቁኝ ባልዲውን ቢይዙልኝ” አለችኝ። አፈርኩ። ያዝኩላት።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ከቤ/ክ መልስ ጨፌ ወረድኩ። ቦዩ ሲቆፈር እኔው የመታሁት የወሰን ችካል፣ አናቱ ከመሬት እኩል ነበር። ዛሬ አንድ ስንዝር ወጥቶ ቆሟል። ችካል አይበቅልም። ምድሩ ነው የወረደ። ግን አፈር ቆፋሪው ማሽን እዚህ ገና አልደረሰም፤ ቦዩ ውሃውን ብቻ ነው የወሰደው። አፈሩን ማን ወሰደው? ተደብቀው ይጭኑ ይሆን? የጎማ ዱካ ፈለግኩ። የለም።

ኅዳር 14
ሰብለን ጠየቅኳት። ጥቁሩ አፈር የጥንት ሣር ነው፣ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ሳይበሰብስ ተቀምጦ ነበር አለች። ውሃው ሲሄድ አየር ገባበት። አሁን ይበሰብሳል፣ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ዓለሙን ያሞቃል። በባልዲው የምትለካው እሱን ነው። እርጥብ ሳለስ አያወጣም ወይ አልኳት። ሌላ ዓይነት ጋዝ ያወጣል፣ አልደበቀችኝም። ቦዩም ያወጣል። የደረቀው ግን ይብሳል። ሌባ ፍለጋ ሰነበትኩ፤ ጎተራውን ለነፋስ የከፈተው ፊርማዬ።

ኅዳር 17
ኢንጅነሩ መጣ። ለሁለተኛ ቦይ የሚፈረም ወረቀት ይዞ። “አባባ፣ ያችን ቀን አይርሷት እንጂ” አለ፣ እየሳቀ። ተቀበልኩት። ሳልፈርም ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት። የገዛ ልቤን ጠረጠርኩ።

ኅዳር 21፣ ማርያም፣ ማታ
ጠዋት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ለእኔ ያልከውን ጌጡ ባለበት በል አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆምኩ። አዲሱን ወረቀት አነበብኩላቸው። የፊተኛውን ማን፣ ለምን እንደ ፈረመም ነገርኳቸው። አንዱ፣ “ጨፌውን በመኪና ለወጥከዋ” አለኝ። ልክ ነው። ጌጡ ቀና ብሎ አላየኝም።
ከሰዓት፣ ውሃው ወደ ጨፌው እንዲመለስ ቦዩን በድንጋይና በሣር ልደፍን ብቻዬን ወረድኩ። ጌጡ ዶማ ይዞ መጣ። እሱ እየቆፈረ፣ እኔ እየደረደርኩ ደፈንነው።