አልጋዬ ባለበት ስለሚቆፈረው ኩሬ

ለተከበሩ የመሀል ከተማ መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ ጸንተው ይቆዩልን እያልኩ፣ ከተዘጋው ሳሙና ፋብሪካ ጀርባ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ወና የቀረውን ፋብሪካ ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ያለበት መንደር ለማድረግ በማሰብዎ እናመሰግናለን። መሐንዲሶችዎ ግንቡን በመዶሻ እየመቱ መፈተሽ እንደ ጀመሩ አይጦቹ ተጠራርገው እኛ ቤት ስለገቡ፣ አዲስ መኖሪያ በማግኘት የቀደማቸው የለም።

ሁለተኛ፣ የሰፈሩን ሰው በጠሩበት ስብሰባ ባለሙያዎ ያሳዩን የአዲሱ መንደር ሥዕል እጅግ ያማረ ነበር። እኔና እናቴ የምንተኛበት ክፍል ባለበት ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ ተስሏል፤ እናቴ ውሃ እንደምትፈራ ማን ነግሯቸው ብለን አልተቀየምንም። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ ራሳቸው መላጣ ናቸው፣ «እኛስ የት አለን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባለሙያው በኩሬው ዳር ፊኛ ይዞ የሚሄድ ጎፈሬያም ጎረምሳ አሳይተው «ይኸው እርስዎ» አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በፕሮጀክቱ እስካሁን የፈረሰውም እሱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሥዕሉ ታርሞ መጣ፤ ጎረምሳው መላጣ ሆኗል። እንግዲህ ሥዕሉ ውስጥ ገብተናል፤ የቀረን ቤት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የላኩት ወጣት ሠራተኛ «ለጊዜው ዘመድ ጋ ተጠጉ» ሊለን ሲመጣ፣ እናቴ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና «ልጄ፣ ስንመለስ የምንገባበትን ክፍል አሳየኝ፤ አሁኑኑ እነሣለሁ» አለችው። ልጁ ፕላኑን ዘረጋ፣ አገላበጠ። በመጨረሻም «እማማ፣ ልዋሽዎት አልችልም፤ የለም» አለ። አባቴ የተቀበረ ዕለት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰችው እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚህ ላይ የሚቀለድበት ነገር ብፈልግ አጣሁ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ በአንድ ቃል ተስማማ፦ የእያንዳንዳችን ክፍል ፕላኑ ላይ ሳይሰፍር ማንም ንቅንቅ አይልም። ለዚህ አንድነታችንም ባለውለታችን እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ በፊት የግቢውን በር ማን ይዝጋ በሚለው እንኳ ተስማምተን አናውቅም ነበር።

በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ከቤቷ ግን የማትነሣው፣
ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ የእርስዎ መሥሪያ ቤትም በቀጣዩ ዙር እንደሚፈርስ፣ መሐንዲሶችዎ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ሲያወሩ ሰማሁ። መጻፌ እንደ እኛ ከሥዕል ላይ እንዳያውቁት ብዬ ነው።